ከናሳው ወደ ኤግዙማ፦ ከባሕር በታች ያለውን አምባ የሚያሳየው የጀልባ ጉብኝት

ባለፈው የካቲት ከባሃማ ዋና ከተማ ከናሳው ወደ ኤግዙማ ደሴቶች የሚወስደውን የአንድ ቀን ጉብኝት የገዛሁት እንደ አብዛኛው መንገደኛ በባሕር ውስጥ የሚዋኙትን አሳማዎች ለማየት አልነበረም፤ አሳማ ለማየት ባሕር መሻገር ለእኔ ቢጤው ሐበሻ እምብዛም አይዋጥለትም። የሳበኝ አዘጋጆቹ የባሕሩን ወለል ታሪክ እንደሚያስረዱ በማስተዋወቃቸው ነበር። ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ከወደቡ ወጥተን ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተጓዝነው ጥልቀቱ ከ10 ሜትር በማይበልጥ ውኃ ላይ ስለነበር፣ የጀልባዋ ጥላ በነጩ አሸዋ ላይ አብሮን ሲሮጥ ይታይ ነበር። ታላቁ የባሃማ ባንክ የሚባለው ይህ ነው፤ ባንክ ሲባል የገንዘቡ ሳይሆን ጥልቀት የሌለው ሰፊ የባሕር ወለል ነው። የእኛ አገር ሰው በአንድ ቃል ይረዳው ዘንድ አምባ ልበለው፦ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ። ልዩነቱ የእኛ አምባ ዙሪያው ተሸርሽሮ የቀረ ሲሆን ይህኛው ከታች ወደ ላይ ያደገ መሆኑ ነው። በጥልቅ ሰርጦች ከአህጉሩ ስለተለየ የወንዝ ጭቃ አይደርሰውም፤ ስለዚህ የተገነባው ባሕሩ ራሱ ባመረተው ኖራ ብቻ ነው። አስጎብኚዋ እንደነገረችን እ.ኤ.አ. በ1947 በዚሁ ባንክ ላይ ባለው በአንድሮስ ደሴት የተቆፈረው ጉድጓድ ከ4,400 ሜትር በላይ ወርዶም ከኖራ ድንጋይና የእሱ ዘመድ ከሆነው ከዶሎማይት አልወጣም። ይህ ሁሉ ድንጋይ የተሠራው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ስለሆነ፣ ወለሉ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀስ እያለ ሲሰምጥ አናቱ በዚያው ልክ ሲገነባ ኖሯል ማለት ነው። ይህን ያስረዳችው ያለ ማስታወሻ፣ በተረጋጋ አንደበት ነበር።

የጉብኝቱ ምርጥ ክፍል ባሕሩ ሲሸሽ ብቅ በሚለው የአሸዋ ደለል ላይ ያሳለፍነው ጊዜ ነው። አንድ እፍኝ አሸዋ ዘግና አጉሊ መነጽር ሰጠችን። ፍሬዎቹ ከጤፍ የማይበልጡ፣ ክብ፣ የተወለወሉ ነበሩ። ኦኦይድ ይባላሉ፦ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል በደሴቶቹ መካከል የሚያልፈው ወራጅ ውኃ ቅንጣቷን የዛጎል ስባሪ ወዲያና ወዲህ ሲያንከባልላት፣ አራጎናይት የተባለው ማዕድን እንደ ሽንኩርት ልባስ በላይ በላይዋ ይጠቀለልባታል። በጀልባው የታደለው በራሪ ወረቀት ግን አሸዋው የተፈጨ ኮራል ነው ይላል፤ ሊታረም ይገባዋል። ደግሞስ ለአሳማዎቹ አንድ ሰዓት ተኩል ሰጥቶ ለዚህ ሃያ ደቂቃ መመደብ ምን ይሉታል?

ከዚያ በጠባብ መተላለፊያ ወደ ምሥራቅ ስንወጣ የውኃው ቀለም ከፈዛዛ አረንጓዴ በአንድ ጊዜ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለወጠ። የአምባው ጠርዝ እዚያ ነው፤ ከጠርዙ ወዲያ ኤግዙማ ሳውንድ የተባለው ጥልቅ ባሕር ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ ባሕሩ ወደ 120 ሜትር ዝቅ ብሎ ሳለ ያቋረጥነው ሜዳ ሁሉ ደረቅ የብስ እንደነበረ፣ የዝናብ ውኃ ድንጋዩን አሟሙቶ የቦረቦራቸው ዋሻዎችም ዛሬ ሰማያዊ ጉድጓድ ተብለው እንደሚታወቁ የተነገረው በዚህ ሥፍራ ነበር፤ ሆኖም ካፒቴኑ ሞተሩን ለማጥፋት ፈቃደኛ ስላልነበረ ከኋላ የተቀመጥነው የሰማነው እኩሌታውን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ከማብራሪያው ጎድሏል። ባንኩ ከጥንት ጀምሮ አንድ ወጥ እንደሆነ ተደርጎ ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የድምፅ ሞገድ ወደ ወለሉ ተልኮ የተነበበው ምስል እንዳሳየው ግን፣ ሰሜን ምዕራባዊው ክፍል በጥልቅ ሰርጥ የተለያዩ ሁለት ባንኮች ነበሩ፤ ከላያቸው የሚታጠበው ደለል ሰርጡን ሞልቶ አገናኛቸው፤ ከዚያም ምዕራባዊው ጠርዝ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ገፋ። ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ በአንድ ቀላል ሥዕል ሊነገር ይችል ነበር።

ዋጋው ርካሽ ባይሆንም በአስጎብኚዋ ምክንያት አልቆጨኝም፤ ከአምስት አራት ኮከብ እሰጣለሁ። ለመሄድ ያሰበ ሰው ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት አስቀድሞ ጠይቆ ቀኑን ይምረጥ፣ ከፊት ወንበር ይያዝ፣ አጉሊ መነጽርም የራሱን ይዞ ይሂድ፤ ለአሥራ ሁለት ሰው የነበረው አንድ ብቻ ነው።