ኮንቴንደር ከ8 ወርና ከ3,200 ጥይት በኋላ፦ አንድ ጥይት በሚጎርስ ሽጉጥ እስከ 100 ሜትር

የሚገመገመው አሮጌው ቶምፕሰን ሴንተር ኮንቴንደር ነው፤ በርሜሉ 10 ኢንች፣ ጥይቱ 22 ሎንግ ራይፍል፣ ቴሌስኮፕ የሌለው፣ በራሱ የብረት ማነጣጠሪያ የሚሠራ። ሁለተኛ እጅ የተገዛ ነው። ባለፉት 8 ወራት ወደ 3,200 ጥይት ተተኩሶበታል፤ ሥራውም አንድ ብቻ ነበር፦ የብረት ምስል ተኩስ።

ስፖርቱን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ በአሜሪካ የሽጉጥ ብረት ምስል ተኩስ ማኅበር ከተቋቋመበት ከ1976 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ዒላማዎቹ አራት እንስሳት ናቸው። በትልቁ ዘርፍ ዶሮ 50፣ አሳማ 100፣ ተርኪ 150፣ አውራ በግ ደግሞ 200 ሜትር ላይ ይቆማሉ። በ22 ዘርፍ ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 25፣ 50፣ 75 እና 100። ምስሎቹም ከትልቁ 3/8 ያህል ናቸው። ምስሉ ተመትቶ ካልወደቀ ነጥብ የለም። 5 ምስል ለመጣል የሚሰጠው ጊዜ 2 ደቂቃ ነው፤ ማለትም ለአንዱ ጥይት 24 ሰከንድ።

ሽጉጡን ዋረን ሴንተር የነደፈው ሲሆን ለገበያ የወጣው በ1967 ነው። ከመሃሉ ይታጠፋል። የምላጩን መከለያ የኋላ ጫፍ ወደ እጀታው ሲጫኑት በርሜሉ ይከፈታል፤ አንድ ጥይት ይገባል፤ ይዘጋል፤ መዶሻው በአውራ ጣት ይነሣል። ካዝና የለም፤ ከተኩስ ጋር ወደ ኋላ የሚሄድ ክፍልም የለም። ለረጅም ርቀት የሚመረጠውም በዚህ ነው። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ ሁለቱም በርሜሉ ላይ የተተከሉ በመሆናቸው በርሜሉ ወልቆ ቢመለስ እንኳ ማስተካከያቸው አይናጋም። በርሜል ለመቀየር ከሥሩ ያለው የእንጨት መደገፊያ ይወልቃል፣ የማጠፊያው ፒን ይገፋል፣ ሌላው በርሜል ይገባል። ከ5 ደቂቃ በላይ አይወስድም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 22 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። የፊተኛው ዓምድ በኋለኛው ክፍተት ውስጥ በ0.2 ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፍ 100 ሜትር ላይ ጥይቱ 9 ሴንቲሜትር ይስታል። የእጅ መወዛወዝ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሽጉጡ ከነማነጣጠሪያው አንድ ላይ 2 ሚሊሜትር ወደ ጎን ቢንሸራተት ጥይቱም የሚርቀው ያንኑ 2 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ዓይን ማረፍ ያለበት ፊተኛው ዓምድ ላይ ነው። በጉ ደብዘዝ ብሎ ይታይ፤ ችግር የለውም። በጉን አጥርቶ ለማየት የሚታገል ተኳሽ ምንም ሽጉጥ ቢይዝ ይስታል።

የጥይቱን መውደቅ በወረቀት ላይ መዝግቦ መያዝ ግዴታ ነው። ከበርሜሉ በሰከንድ 310 ሜትር ገደማ የሚወጣ ባለ 40 ግሬን (2.6 ግራም ገደማ) እርሳስ፣ ማነጣጠሪያው 25 ሜትር ላይ ከተስተካከለ፣ 50 ሜትር ላይ 5 ሴንቲሜትር፣ 75 ላይ 18፣ 100 ላይ ደግሞ 40 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከዶሮ ወደ በግ ለመሻገር የኋላው ማነጣጠሪያ 0.9 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ የብሎኑን ዙር እየቆጠሩ ማዞር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከዜሮ ጀምሮ የዞረበት ቁጥር ለእያንዳንዱ እንስሳ በትንሽ ካርድ ተጽፎ ሳጥኑ ክዳን ላይ ይለጠፍ። ሲመለሱ ብሎኑን ከሚፈለገው ቁጥር አሳልፎ ዝቅ ካደረጉ በኋላ እንደገና ወደ ላይ መምጣት ይሻላል፤ አለዚያ በጥርሱ ውስጥ ያለው ላላ ያለ ቦታ ቁጥሩን ያሳስታል።

ጥይት ምርጫ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፈጣኑ ይሻላል በሚል ነው። ከድምፅ ፍጥነት በላይ የሚወጣ 22 በመንገዱ ላይ በፍጥነት ስለሚቀንስ ንፋስ የበለጠ ይገፋዋል። ዝግተኛው መደበኛ ጥይት በሰዓት 16 ኪሎሜትር የሚነፍስ የጎን ንፋስ 100 ሜትር ላይ ወደ 10 ሴንቲሜትር ያርቀዋል፤ ፈጣኑ ከዚያ ይብሳል። በዚህ በርሜል በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ 50 ሜትር ላይ 10 ጥይት ሲተኮስ መደበኛው ከ3.5 እስከ 4 ሴንቲሜትር ውስጥ ሲያርፍ፣ ፈጣኑ ከ6 በላይ ተበተነ። አራት ዓይነት ጥይት ተሞክሮ ውድ የሆነው ሁልጊዜ አላሸነፈም። ጥሩው ሲገኝ የአንድ ዓመት ፍጆታ ከአንድ ምርት ቁጥር ገዝቶ ማስቀመጥ ነው።

ወደ ጉድለቶቹ። ትልቁ የእንጨት መደገፊያው ነው። በብሎን በርሜሉ ላይ በቀጥታ ስለሚታሰር፣ ሲጠብቅና ሲላላ የጥይቱ ማረፊያ ይለወጣል። በአራተኛው ወር 100 ሜትር ላይ 12 ሴንቲሜትር የሚሆን ልዩነት ያለ ምክንያት መጣ፤ ንፋስ አልነበረም፤ ጥይቱም ያው ነው። አንዱ ብሎን ላልቶ ነበር። መፍትሔው ብሎኖቹን ሁልጊዜ እኩል ማጥበቅ፣ ጠብታ የብሎን ማጣበቂያ መጠቀም፣ ከተኩስ በፊትም በጣት መፈተሽ ነው። መደገፊያውን ከረጢት ላይ ሲያሳርፉም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይሁን፤ በርሜሉ ራሱ ግን ምንም ነገር አይንካ።

ሁለተኛው የመዶሻው ጉዳይ ነው። በአሮጌው ስሪት መዶሻውን ሳይተኩሱ ቀስ አድርገው ከመለሱት እንደገና ለማንሣት ሽጉጡን መክፈትና መዝጋት ግድ ነው። ንፋስ ነፍሶ ለማቆም የወሰነ ተኳሽ ከ24 ሰከንዱ ላይ ይከፍላል። ጂ2 የሚባለው ኋላ የመጣው ስሪት ይህን አስቀርቶታል። መዶሻው ላይ ያለችውን መቀየሪያም ሳይረሱ ማየት ያስፈልጋል፦ የ22 ጥይት ጠርዙ ላይ ስለሚመታ ከትልልቁ ጥይት የተለየ መቺ መርፌ አለው፤ መቀየሪያዋ በሌላው በኩል ከቀረች መዶሻው ይወድቃል፣ ጥይቱ ግን አይፈነዳም። በእንዲህ ያለ ጊዜ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ 30 ሰከንድ ጠብቆ መክፈት እንጂ መቸኮል የለም።

ሦስተኛው ቆሻሻ ነው። የ22 እርሳስ ሰም የተቀባ በመሆኑ ከ300 ጥይት በኋላ የጥይት ቤቱ መጨረሻ ላይ ጥቁር ቀለበት ይጋገራል። መጀመሪያ ጥይቱ በአውራ ጣት ካልተገፋ አልገባ ይላል፤ ቀጥሎ ቀለህ ለማውጣት ጥፍር ያስፈልጋል። በየ250 ጥይቱ በነሐስ ብሩሽ የጥይት ቤቱን ብቻ አሥር ጊዜ ማሸት በቂ ነው። በርሜሉን በየጊዜው መፈተግ ግን ጥቅም የለውም፤ ከታጠበ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ጥይቶች ቦታቸውን እስኪያገኙ ይበተናሉ።

ፀሐይ ከጎን ስትመጣ የፊተኛው ዓምድ አንድ ጎኑ ያበራል፤ ዓይንም የሚያበራውን ጎን እንደ መሃል ይቆጥረዋል። ለዚህ ከኩራዝ ጭስ የተሻለ አልተገኘም። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ዓምዱን ጭሱ ላይ ሁለት ሰከንድ ማሳለፍ፤ ጥቁር ይሆናል፣ አያንጸባርቅም፣ በጨርቅ ይወለወላል።

ምላጩ በመለኪያ 1.1 ኪሎ ላይ ይለቅቃል፤ ጥርት ያለ ነው። ከለቀቀ በኋላ የሚቀረውን ጉዞ የምታቆመው ብሎን ትጠቅማለች፤ ግን ከልክ በላይ ከገባች ምላጩ ይታገዳል። እስኪይዝ አጥብቆ፣ ከዚያ ግማሽ ዙር መልሶ መተው።

ብዙዎቹ በዚህ ስፖርት የሚተኩሱት በጀርባ ተጋድሞ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ሽጉጡን እግር ጎን ላይ አስደግፎ ነው። አፈሙዙ ሁልጊዜ ከጉልበትና ከእግር ጣት አልፎ ይውጣ፤ ይህ ሳይረጋገጥ መዶሻ አይነሣም። ብረቱ እርሳሱን ስለሚበትን መነጽር ዶሮ ሲተኮስም አይወለቅ። ከተኩስ በኋላ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይነካ፤ የእርሳስ ብናኝ እውነተኛ መርዝ ነው።

አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ መሆኑ ለ24 ሰከንዱ አያንስም ወይ የሚለው ጥያቄ በልምምድ ይመለሳል። አምስት ቀዳዳ ያለው የእንጨት ቁራጭ ላይ ጥይቶቹን አቁሞ በግራ እጅ በኩል ማስቀመጥ፤ መክፈት፣ ቀለህ ማውጣት፣ መጉረስና መዝጋት 7 ሰከንድ ይወስዳል። የቀረው 17 ሰከንድ ለመተንፈስና ለማነጣጠር ይበቃል። በፍጥነት ለሚተኮሱ ውድድሮችም መጠቀም የሚፈልግ ሰው ግን ባለ ካዝና 22 ይግዛ።

ሁለተኛ እጅ ለሚገዛ፦ ሽጉጡን ዘግቶ በርሜሉን በአንድ እጅ፣ እጀታውን በሌላው ይዞ ወደ ላይ ወደ ታች መነቅነቅ። የሚሰማ መላላት ካለ የማጠፊያው ፒን ወይም ቀዳዳው በልቷል። ሲዘጋ ጠንከር አድርጎ ካልተገጠመ መዶሻው ጥይቱን አያስተኩስም፤ ስለዚህ ሻጩ ፊት አሥር ጊዜ መክፈትና መዝጋት ነው። የጥይት ቤቱ አፍ ላይ በባዶ ሽጉጥ ደጋግሞ ከመተኮስ የመጣ የመርፌ ጠባሳ ካለ ቀለህ ይይዛል። በመጨረሻም በትንሽ ባትሪ ከኋላ አብርቶ የአፈሙዙን ጠርዝ ማየት፤ ጥይቱ በርሜሉን የሚለቀው እዚያ ስለሆነ በማጽጃ ዘንግ የተፈገፈገ ጠርዝ በማጽዳት አይድንም።