የጨፈቃ ቀፎ፦ ጭቃውን ይቅር በሉት፣ አግዳሚውን ግን ለኩት

የጨፈቃ ቀፎ ከቀጫጭን እንጨት ተሠርቶ በጭቃ የሚለሰን የሽግግር ቀፎ ነው፤ በባህላዊውና በዘመናዊው ሳጥን ቀፎ መካከል ያለ። ሊገዛው የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ልስኑን ነው። ተሰነጠቀ፣ ክዳኑ ተወላገደ እያለ ዋጋ ያስቀንሳል። ንቦች ግን ለልስን እምብዛም ግድ የላቸውም፤ ጠባቡን ስንጥቅ ራሳቸው በሙጫ ይደፍኑታል፣ ሰፊውን ባለቤቱ በእበትና በጭቃ ይመርገዋል። ገንዘቡ ከንቱ የሚቀረው በሌላ ነገር ነው፦ ከላይ በሚደረደሩት፣ ንቦቹ በእያንዳንዳቸው ሥር አንድ የማር እንጀራ በሚያንጠለጥሉባቸው አግዳሚ እንጨቶች ስፋት።

ልኩ 32 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ አገር ንብ የማር እንጀራ ስትሠራ ከአንዱ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል የምትተወው ርቀት ከዚህ ብዙ አይርቅም። አናጢው 34 አድርጎ ቢቆርጠው የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት እንጀራዎች ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ አስረኛው ላይ ሲደረስ ግን ስህተቱ ተጠራቅሞ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ እንጀራውም ሁለት አግዳሚ ላይ ተሻግሮ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ አንዱን ማንሳት ሁለቱን መቅደድ ነው። እጭ ይፈርጣል፣ ማር ይፈሳል፣ ንቡ ይቆጣል፣ ቀፎውም ተሻሽሏል ቢባልም ከባህላዊው ቀፎ ምንም አይለይም።

ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት አስር አግዳሚ አጠጋግተው ደርድረው በሜትር ይለኩ። 32 ሴንቲ ሜትር ከመጣ ይግዙ። 33 ቢሆንም ይታለፋል። 35 ከሆነ ግን ይመልሱ፤ 35 ሚሊ ሜትር የአውሮፓ ንብ ልክ ነው፣ አንዳንድ አናጢ ከኢንተርኔት ያገኘውን ንድፍ እንዳለ ይገለብጣል። እንጨቱ የደረቀ መሆኑንም ያረጋግጡ። እርጥብ ባህር ዛፍ ከወር በኋላ ይጣመማል፤ አግዳሚዎቹ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ንቦቹ ክፍተቱን በሙጫ ይለስኑታል፣ አንዱን ለማላቀቅም ቢላ ያስፈልጋል።

ሌላው መታየት ያለበት የአግዳሚው ሆድ ነው። መሃሉ ላይ ቀጭን ቦይ ወይም ወደ ታች የሾለ ጠርዝ ከሌለው ንቦቹ የት እንደሚጀምሩ አያውቁም። ቦዩ ውስጥ የቀለጠ ሰም በቀጭኑ ማንጠባጠብ ይበቃል።

ስለ ገላው ብዙ የሚባል የለም። ከጨፈቃ ወይም ከቀርከሃ ተሠርቶ በጭቃ፣ በእበትና በጭድ ይለሰናል፤ ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን ከስስ ጣውላ በተሻለ ይመክታል፣ ዋጋውም ከሳጥን ቀፎ በጣም ያነሰ ነው። ግድግዳዎቹ ወደ ታች እየጠበቡ መሄድ አለባቸው፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ ንብ እንጀራዋን ታጣብቃለች። ልስኑ በጥላ ሥር በደንብ ይድረቅ። ቀፎው ከባድ ነው፣ ዝናብም አይችልም። ዳስ ወይም ቆርቆሮ ከሌለ አለመግዛት ይሻላል። ንብ ከማስገባት በፊት ውስጡን በጥንጁት ወይም በወይራ ማጠን የቆየ ልማድ ነው፤ የቀለም ሽታ ያለበት ቀፎ ግን ቢታጠንም መንጋውን ያሸሻል። የመቆሚያው እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ካልቆሙ ጉንዳን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ቀፎውን የሚነካ አንዲት የሣር ዘለላ ካለችም ዘይቱ ዋጋ የለውም።

ይህ ቀፎ የሚመሰገነው ሳይከፈት ስለሚጠበቅ ነው። የሚፈለገው ወሬ አብዛኛው በር ላይ ይገኛል። ከጎን በኩል፣ የመብረሪያ መንገዳቸውን ሳይዘጉ ሩብ ሰዓት ይቀመጡ። ሠራተኞቹ በኋላ እግራቸው ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ የአበባ ዱቄት ቋጥረው በብዛት ከገቡ እጭ እየተመገበ ነው ማለት ነው፤ ንግሥቲቱን ፍለጋ ቀፎ መክፈት አያስፈልግም። ከሰዓት በኋላ ብዙ ንብ ፊቱን ወደ ቀፎው አዙሮ ከፍ ዝቅ ሲል ጀማሪ አናቢ ይደነግጣል፤ መንጋው ሊኮበልል አይደለም፣ ወጣቶቹ የቤታቸውን ቦታ እያጠኑ ነው። ድንጉላ (ወንድ) ንቦች እየተጎተቱ ከተጣሉ አበባ እያለቀ ነው። በሩ ሥር እንደ ኖራ የነጣና የደረቀ እጭ ከታየ ፈንገስ ነው፤ እርጥበት ስለሚያባብሰው ክረምት ላይ ክዳኑንና ልስኑን ይፈትሹ። አበባ ሞልቶ ሳለ ዱቄት የሚያስገባ ንብ ከጠፋ ግን አይዘግዩ፤ ጉንዳን፣ የሰም እራት ወይም ንግሥት አልባነት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ መክፈት ተገቢ ነው። አዘውትሮ መክፈት ራሱ የአገራችንን ንብ ከሚያስኮበልሉት ነገሮች አንዱ ነው።

አንዳንድ ሻጭ በጎን በኩል የመስታወት መስኮት ጨምሮ ያቀርባል። ለማየት ደስ ይላል፣ መዝጊያ ከሌለው ግን አይውሰዱት። ጠዋት ላይ መስታወቱን ጤዛ ካለበሰው አየር እንደማይዘዋወር ያሳያል፣ ይህ ጥቅሙ ነው።

ማር ሲቆረጥ ጊዜው አመሻሽ ይሁን፣ ጭሱም ቀዝቃዛና ለስላሳ። ከበሩ ርቆ ካለው ጫፍ ይጀምሩ፤ እጩ በር አካባቢ፣ ማሩ ጫፍ ላይ ይሆናል። እንጀራው ሽቦ ስለሌለው እንደ ሳህን አግድም ከያዙት በራሱ ክብደት ይሰበራል፤ እንደተንጠለጠለ ያዙሩት። ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰም ካልታሸገ እንጀራውን መልሰው ያስገቡ፣ የማሩ ውሃ ስለሚበዛ ይቦካል። ሲቆርጡ አግዳሚው ላይ አንድ ጣት ያህል ያስቀሩ፣ ንቦቹ ከዚያው ይቀጥላሉ። ሁሉንም ጠራርጎ መውሰድና በኋላ በስኳር መቀለብ ለዚህ ቀፎ አይስማማም።

በማጣሪያ ማሽን አሽከርክሮ ማር ለማውጣት ለሚያስብ፣ ወይም ቀፎ ጭኖ አበባ እየተከተለ ለሚዞር ሰው አይሆንም። እንጀራው ተቆርጦ ይጨመቃል፤ ንቡም እንደገና ስለሚሠራ ማሩ ከሳጥን ቀፎ ያንሳል፣ ሰሙ ግን ይበልጣል።

ልኩ የተሳሳተ ቀፎ አስቀድመው ገዝተው ከሆነ ገላውን አይጣሉት። ንብ ሳይገባበት ከደረቀ እንጨት ከ27 እስከ 30 አግዳሚ፣ እያንዳንዱ 32 ሚሊ ሜትር ስፋትና 48 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው አድርገው ያሠሩ። ርዝመቱን ከቀፎው አፍ ጋር ያስተያዩ፤ ስፋቱን ግን አናጢው ፊት ቆመው ያስለኩ።