ልጆች ሳይመጡ የሚያፏጭ ድስት፦ 5 ሊትሩ ፕሬዠር ድስት ለጎንደር የቤት ውስጥ ሕፃናት ማቆያ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 93 አካባቢ ነው። እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ሽምብራ ተዘፍዝፎ አድሮም በተራ ድስት ሁለት ሰዓት የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው። ለአንድ ቤተሰብ ይህ የከሰል ወጪ ነው። ቤቷ ውስጥ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሆናቸው ስድስት ሰባት ልጆች ለምታውል ሴት ግን ከወጪም በላይ ነው፤ ልጆቹ ወለል ለወለል እየዳሁና እየሮጡ እሳት ላይ የሚንተከተክ ድስት አጠገባቸው አለ ማለት ነው።

እዚህ የምንገመግመው በምድጃ ላይ የሚጣደውን፣ እንፋሎቱን አፍኖ ውሃውን ከ93 ዲግሪ በላይ የሚያሞቀውን፣ ክዳኑ ላይ የምታፏጭ ክብደት ያለችውን የአልሙኒየም ፕሬዠር ድስት ነው። ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ረጅሙን የማብሰል ሥራ የመጀመሪያው ልጅ በር ሳያንኳኳ ይጨርሰዋል። ለዚህ ሲባል ብቻ ለማቆያ ቤት ከሚገዙ ዕቃዎች ከፊት የሚሰለፍ ነው ብለን እናምናለን።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሦስት ሊትሩ ለማቆያ ያንሳል፤ አሥር ሊትሩ ደግሞ ለመሞቅ ብቻ ብዙ ጊዜና እሳት ይፈጃል፣ ሲሞላም አንድ ሰው ብቻውን አንሥቶ ማውረድ ያቅተዋል። ለስምንት ልጆችና ለሁለት አዋቂዎች 5 ሊትር ይበቃል። ግን 5 ሊትር ተብሎ የሚሸጥ ድስት 5 ሊትር ምግብ አይበስልበትም። ለማንኛውም ምግብ ጣሪያው ሁለት ሦስተኛ፣ ለሚያብጥና ለሚያረፋ ጥራጥሬ ደግሞ ግማሹ ነው። ከዚህ ካለፈ አረፋው ወደ ማስተንፈሻው ቀዳዳ ወጥቶ ይዘጋዋል። በተግባር ሲታይ የ5 ሊትር ድስት በአንድ ጊዜ የሚችለው ግማሽ ኪሎ ደረቅ ሽምብራ ነው። ያ ሲበስል ከአንድ ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ለትንንሽ ሆድ የሁለት ቀን ምሳ ነው።

አራዳም ሆነ ቅዳሜ ገበያ ስትገዙ ክዳኑን አስከፍታችሁ እዩ። የማስተንፈሻውን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ስትመለከቱ ወለል ብሎ መታየት አለበት። ጎሚኒው (ክዳኑን ዙሪያውን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ሲታጠፍ ስንጥቅ የማያሳይ፣ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ የሚመለስ ይሁን። የድስቱን ቂጥ መስታወት ላይ አስቀምጡት፤ ከተንገዳገደ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ግማሹ ብቻ ይሞቃል። ከሁሉም በላይ የዚያው ድስት መለዋወጫ ጎሚኒና ሴፍቲ ቫልቭ (ድስቱ ከልክ በላይ ሲግል ቀልጦ እንፋሎቱን የሚለቀው መከላከያ) እዚያው ሱቅ መኖሩን ጠይቁ። መለዋወጫ የማይገኝለት ድስት በርካሽ ቢገኝም አይገዛም፤ ጎሚኒው ሲያረጅ ተራ ድስት ሆኖ ይቀራል። ኢንዳክሽን ምድጃ ያላችሁ ደግሞ አልሙኒየም እዚያ ላይ እንደማይሠራ እወቁ፤ ማግኔት የሚይዝ ቂጥ ያለው የማይዝግ ብረት ያስፈልጋችኋል።

ስለ ደቂቃ በደንብ እንነጋገር፤ ጎንደር ላይ ድስቱ ስሙ የሚጠፋው በዚህ ነው። ከድስቱ ጋር የሚመጣው መመሪያ የሚሰጠው ደቂቃ ለባሕር ወለል ነው። ክብደቷ እንፋሎቱን የምትለቀው የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በተወሰነ መጠን ሲበልጥ ነው። የጎንደር አየር ስስ ስለሆነ ውስጥ ያለውም ጠቅላላ ግፊት በዚያው ልክ ዝቅ ይላል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 120 ዲግሪ አካባቢ የሚደርሰው ድስት እዚህ 116 ወይም 117 ላይ ይቆማል። የተለመደው ማስተካከያ ከ600 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 5 በመቶ ጊዜ መጨመር ነው። ለጎንደር ሲሰላ ሩብ ያህል ይሆናል። ስለዚህ መመሪያው 16 ደቂቃ ካለ 20 ያዙ።

በዚህ ስሌት የተዘፈዘፈ ሽምብራ 20 ደቂቃ፣ ያልተዘፈዘፈው 50፣ የተዘፈዘፈ ቦሎቄ 15፣ የአተር ክክ 10፣ ድፍን ምስርም እንዲሁ 10 ደቂቃ አካባቢ ይፈልጋሉ። ድፍን ድንች መካከለኛው 15፣ ለአራት የተከፈለው 8፣ የተቆራረጠ ካሮት 5፣ ቀይ ሥር ከነልጣጩ 25። የበሬ ሥጋ በትንሹ ተከትፎ ለልጅ ጥርስ እስኪልም ከ25 እስከ 30።

ደቂቃው የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ፉጨት በኋላ፣ እሳቱ ከተቀነሰበት ጊዜ ጀምሮ ነው። "አምስት ፉጨት ይበቃዋል" የሚለውን ምክር አትከተሉ። እሳቱ ሲበረታ በየግማሽ ደቂቃው ያፏጫል፣ ሲቀንስ በአምስት ደቂቃ አንዴ። ፉጨት የሚነግራችሁ የእሳቱን ጉልበት እንጂ የምግቡን ብስለት አይደለም። ደግሞም በየጊዜው ሲያፏጭ የሚወጣው እንፋሎት የድስቱ ውሃ ነው፤ ብዙ ካስፏጫችሁት ይደርቃል።

አሁን ወደ ቀኑ አሠራር እንግባ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ታጥቦ በሦስት እጥፍ ውሃ ይዘፈዘፋል። ጠዋት 12:30 የዘፈዘፈው ውሃ ይደፋል (ሆድ የሚነፋው ነገር ከፊሉ ከእሱ ጋር ይሄዳል)፤ ሽምብራው 1.2 ሊትር ያህል አዲስ ውሃና አንድ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮበት ይጣዳል። ዘይቱ ለጣዕም አይደለም፣ አረፋውን ይሰብራል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያፏጫል፤ እሳቱ ተቀንሶ 20 ደቂቃ ይቆይና ይጠፋል። 1:10 ገደማ ነው። ክዳኑ በራሱ ጊዜ እስኪለቅ ሌላ 15 ደቂቃ ይተዋል። ልጆቹ ከ1:45 ጀምሮ ሲገቡ ድስቱ ወርዶ፣ ምድጃው በርዶ፣ ሁሉም በሩ የሚዘጋ ማድ ቤት ውስጥ ነው።

ድስቱን ክዳኑን ሳትከፍቱ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። የበሰለ ምግብ ለልጅ አደገኛ የሚሆነው ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ከ5 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ነው፤ በዚያ ሙቀት መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። እስከ ልኩ የሞላ ድስት በደንብ ከተጠቀለለ እስከ መክሰስ ሰዓት ትኩስ ይቆያል። አራት ሰዓት ላይ ልጆቹ ሙዝ ወይም ቂጣ በሚበሉበት ጊዜ አንደኛዋ ከልጆቹ ጋር ትሁን፣ ሌላዋ አልጫውን ትሥራ፦ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ከዚያ ሽምብራው ከነመረቁ። እስኪንተከተክ ድረስ መሞቅ አለበት፤ ለብ ማለት አይበቃም። ስድስት ሰዓት ላይ ፍትፍት ሆኖ ይቀርባል። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ልጆቹ ሲተኙ የነገው ድንችና ካሮት ይላጣል፣ ድስቱ ይታጠባል። እሳት ግን በዚያ ሰዓት አያስፈልግም።

ለብቻዋ የምትሠራ ሴት አራት ሰዓት ላይ ልጆችን ትታ ማድ ቤት መግባት የለባትም። እሷ ቁሌቱን ማታ ሠርታ ፍሪጅ ውስጥ ታሳድረው፤ ጠዋት ድስቱ ሲከፈት ጨምራ አሥር ደቂቃ አንተክትካ፣ ትኩሱን በሙቅ ውሃ በታጠበ የምግብ ፔርሙስ ትገልብጠው። ምሳ ሰዓት ድረስ ትኩስ አድርጎ የሚያቆየው ይኸው ነው። የሞላ ፔርሙስ ከጎደለው ይልቅ ሙቀት ይይዛል፣ ስለዚህ ለመጠኑ የሚሆን ግዙ።

ሽምብራ ለሁሉም ልጅ እኩል አይቀርብም። ድፍን ሽምብራ፣ ለውዝና ቆሎ ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅን ሊያንቁ ይችላሉ። ለትንንሾቹ በሹካ ይደቆስ፤ ከስድስት ወር በኋላ ምግብ ለጀመረ ሕፃን በወንፊት ይለፍ፣ ጨውም አይግባበት። ምሳው ላይ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ወይም ቲማቲም አብሮ ቢቀርብ በጥራጥሬው ያለውን አይረን ሰውነት የበለጠ ይወስደዋል። ቲማቲሙን ግን ከጥሬው ሽምብራ ጋር አትቀቅሉት፤ ኮምጣጣ ነገር ልጣጩን ያደነድናል።

ሶዳ መጨመርንም እንቃወማለን። ጥራጥሬውን ቶሎ ያለሰልሰዋል፣ እውነት ነው፤ ግን ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል፣ አልሙኒየሙንም ያጠቁረዋል። ድስቱ እያለ ሶዳ አያስፈልግም። የማይበስል ሽምብራ ከገጠማችሁ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከእህሉ ነው፤ ሙቀት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተከማቸ እህል ይደነድናል። አዲሱ ምርት ከጥር ወዲያ ገበያ ሲገባ ገዝቶ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይረዳል።

ቀይ ቦሎቄ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጥሬው ያለው መርዝ በግማሽ ከበሰለ ይባስ ያስታውካል፣ ያስቀምጣልም። ቢያንስ አምስት ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ውሃው ይደፋ፣ ከዚያ በግፊት ይብሰል። 93 ዲግሪ ላይ በዝግታ ከሚንተከተክ ተራ ድስት ይልቅ እዚህ ላይ ፕሬዠር ድስቱ አስተማማኝ ነው።

የማይሆንለትንም እንናገር። ሽሮ፣ ገንፎና አጥሚት በዚህ ድስት አይሠሩም። ወፍራም ነገር ከሥር ያርራል፣ እየፈነዳም ቀዳዳውን ይዘጋል። የምስር ክክም ስለሚያረፋ ከተራ ድስት ብዙ ጊዜ አያተርፍም። ቅንጬ ይሆናል፤ አንድ ኩባያ ለሦስት ኩባያ ውሃ፣ 6 ደቂቃ፣ ከዚያ በራሱ እስኪለቅ።

እሳቱን በተመለከተ ቡታጋዝ ይበልጣል፤ እንዳፏጨ ወዲያው ይቀነሳል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋ በኋላም ስለሚሞቅ ከታሰበው ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ይጥፋ። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ክዳኑን አትንኩ። እስከ ሩብ ሰዓት በውስጡ ባለው ሙቀት ይበስላል፤ ሲመለስ እንደገና አስፏጩና የቀረውን ቁጠሩ። ካልተመለሰ ወደ ከሰል ይዛወራል። ከሰል ላይ ድስቱ እንዳፏጨ ግማሹን ፍም አውጡ፤ እጀታው ከጎን በሚወጣው ሙቀት ስለሚቀልጥም ድስቱ ከምድጃው አፍ የጠበበ አይሁን። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ ደጅ ይብሰልበት። የተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጢስ ሽታ ባይኖረውም ተኝቶ ያለ ልጅ ይገድላል። በመብራት የሚሠራው ባለ ሰዓት ፕሬዠር ድስት ምቹ ነው፤ ነገር ግን መብራት በሄደ ቁጥር መሃል መንገድ ላይ ስለሚቆም ለማቆያ ብቸኛ ድስት እንዲሆን አንመክርም።

እንፋሎት ከክዳኑ ዙሪያ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ ጎሚኒውን አውጥታችሁ እጠቡ። የሽምብራ ልጣጭ ሥሩ ይቀመጣል። ታጥቦም ካፈሰሰ ደርቋል፣ ይቀየራል። ካላፏጨ ደግሞ ወይ ውሃው አንሷል ወይ ቀዳዳው ተዘግቷል፤ እሳቱን አጥፉና ሲበርድ በቀጭን ሽቦ ጥረጉት። ሴፍቲ ቫልቩ ቀልጦ ከተከፈተ ድስቱ ደርቆ ነበር ማለት ነው። በሌላ ነገር ደፍኖ መጠቀም በድስቱ ላይ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ የመጨረሻው መከላከያ እሱ ነበርና። ክዳኑን በጉልበት መክፈትም እንዲሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ድስቱን በቧንቧ ውሃ ለማቀዝቀዝ አትቸኩሉ፤ ለጥራጥሬ በራሱ መልቀቁ ይሻላል፣ ልጣጩም አይበታተንም።

አንድ ነገር ሻጮች አይነግሯችሁም፦ ጎሚኒ ሽታ ይይዛል። የሥጋና የቅቤ ሽታ ከገባበት በሳሙናም ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ የረቡዕና የዓርብ የጾም ምግብ ላይም ይታወቃል። ሁለት ጎሚኒ ግዙ፣ አንዱን ለፍስክ ሌላውን ለጾም፤ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች አብረው ለሚውሉበት ቤት ደግሞ ሥጋን ከዚህ ድስት ጨርሶ ማውጣት ይሻላል፤ ጥራጥሬ፣ ድንችና አትክልት ሁሉም ወላጅ ያለ ጥያቄ ይቀበላቸዋል። ሥጋ የሚፈልግ ወላጅ ከቤቱ አብስሎ ይላክ።

ሲታጠብ ጎሚኒውና ክብደቷ ለየብቻ ይውጡ፣ ክዳኑ ተገልብጦ ይቀመጥ እንጂ አይዘጋ። ተዘግቶ ያደረ ድስት ይሸታል፣ ጎሚኒውም ተጨፍልቆ ቅርጹን ያጣል። ውስጡ ከጠቆረ ግማሽ ሎሚ ከውሃ ጋር አሥር ደቂቃ ይፍላበት፤ የተረፈ ምግብ ግን በአልሙኒየሙ ውስጥ አይደር።