ሽፋኑ ላይ «6» ስላያችሁ ብቻ የጀልባ ሞተር እንዳትገዙ

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የሳር ማጨጃ ነው።»

መካኒኩ እንዲህ ሲለኝ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ካቻቢቴውን አስቀመጠና ከጥግ አንድ አሮጌ የሳር ማጨጃ አምጥቶ ከሞተሬ ጎን አጋደመው። የነዳጅ ታንኩ ክዳን አንድ ነው። የማስነሻ ገመዱ እጀታ አንድ ነው። የአየር ማጣሪያው፣ የካንዴላው ቦታ፣ ብሎኖቹ ሳይቀሩ አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሱ ጫፉ ላይ ምላጭ፣ የኔ ጫፉ ላይ ፕሮፔለር መኖሩ ነው። እና የኔ ላይ ትልቅ ቀይ «6» ተለጥፏል። ስድስት የፈረስ ጉልበት ማለት ነው።

ተሸውጃለሁ። ለትንሽ ጀልባ ከኋላ የሚታሰር ሞተር እያፈላለጋችሁ ከሆነ በዚያው መንገድ እንዳትሸወዱ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሦስት ሜትር የምትሆን የእንጨት ጀልባ አለችኝ። መቅዘፍ ሰለቸኝና ሞተር መፈለግ ጀመርኩ። አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «አዲስ፣ 6 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ 10 ኪሎ ብቻ፣ ለማንኛውም ጀልባ የሚሆን።» የታወቁት ብራንዶች ከሚጠይቁት ጋር ሲተያይ በነጻ በሉት። ሰው ርካሽ ነገር ሲያገኝ መጠየቅ ይፈራል፤ መልሱ ደስታውን እንዳያበላሽበት። እኔም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ። «እንዴት 10 ኪሎ ብቻ ሆነ?»

«ቱ ስትሮክ ነዋ! ቀላል ነው፣ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው» አለኝ ሻጩ።

ቱ ስትሮክ ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ በወረደ ቁጥር ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ነው፤ ፎር ስትሮክ ግን ሁለቴ ወጥቶ ሲወርድ አንዴ ብቻ ነው የሚያቃጥለው። ስለዚህ አነጋገሩ ውስጥ እውነት አለ። ለዚህ ነው ያመንኩት።

የመጀመሪያ ቀን ገመዱን ሁለተኛ ጊዜ ስስበው ሞተሩ ተነሳ። ጩኸቱ ለጉድ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀምጠን ተጯጯህን። ውሃው እርግት ያለ ነበርና ጀልባዋ ሄደች። «አየህ!» አልኩት። ስንመለስ ግን ንፋስ ከፊታችን ተነሳ። ጋዙን እስከ መጨረሻ ሰጠሁት። ሞተሩ ያለቅሳል። ዳር ላይ አንድ የደረቀ ዛፍ ነበር፤ ምን ያህል እንደሄድን ለማወቅ ዓይኔን እሱ ላይ ተከልኩ። ዛፉ ቀስ እያለ ወደ ፊት ሄደ። የምንሸሸው እኛ ነን ማለት ነው። ጓደኛዬ ምንም ሳይናገር መቅዘፊያውን አነሳ።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይሄ ነው። የፈረስ ጉልበት ቁጥር ማንም አሳትሞ ይለጥፈዋል። ሲሲውን ጠይቁ። ሲሲ የሲሊንደሩ መጠን ነው፤ እሱን በስቲከር ማሳደግ አይቻልም። የኔ ሞተር 52 ሲሲ ነው። ማንም አልደበቀኝም፤ መመሪያው ላይ በደቃቁ ተጽፏል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

አሁን አወዳድሩ። ባለ 6 የፈረስ ጉልበት ፎር ስትሮክ ቶሃትሱ 123 ሲሲ ነው። የሆንዳው 127፣ የሱዙኪው 138፣ የያማሃው 139 ነው። ክብደታቸውም 25 ኪሎ ግድም ነው። «ቱ ስትሮክ ነዋ» ለሚለውም መልስ አለ። ቱ ስትሮክ ከተመሳሳይ ሲሲ የበለጠ ጉልበት ማውጣቱ እውነት ነው፤ ተአምር ግን አይሠራም። የያማሃ ባለ 5 ቱ ስትሮክ 103 ሲሲ ነበር፤ የቶሃትሱም 102። የኔ የዚያን ግማሽ ይዞ ነው 6 ነኝ የሚለው።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሆንዳ 57 ሲሲ የሆነች ትንሽ ፎር ስትሮክ አለችው። እሷም እንደኔው በአየር ነው የምትቀዘቅዘው። አምራቹ ሽፋኗ ላይ የጻፈው 2.3 ነው። ማጋነን ይችል ነበር፤ አላጋነነም። (ስለዚህ በአየር መቀዝቀዙን እንደ ጥፋት አትቁጠሩት። ጩኸቱን መቻል ብቻ ነው።)

መካኒኩ ከሞተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ የቆርቆሮ ጽሑፍ በጨርቅ ጠርጎ አሳየኝ። «1.4 ኪሎዋት» ትላለች። አንድ የፈረስ ጉልበት 0.746 ኪሎዋት ነው። 1.4ን በሱ ስታካፍሉት 1.9 ይመጣል። እውነቱ እዚያው ሞተሩ ላይ፣ ከውሸቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ተጽፎ ነበር። ስለዚህ ሻጩን «በኪሎዋት ስንት ነው?» በሉት። ከተንተባተበ መልሱን አግኝታችኋል።

«ታዲያ 1.9ም ቢሆን ሦስት ሜትር ጀልባ እንዴት ያቅተዋል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ያን ያህል ሊያቅተው አይገባም ነበር። እዚህ ላይ ነው «ለማንኛውም ጀልባ የሚሆን» የሚለው ሁለተኛው ውሸት የሚመጣው።

የጀልባ ሞተር የእግር ርዝመት አለው። አጭሩ 38 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ረጅሙ 51። ከዚያም የሚረዝም አለ። መለካት ያለበት ጀልባችሁ ነው። ሜትር ያዙና ሞተሩ ከሚታሰርበት የኋላ ሳንቃ አናት ላይ ጀምራችሁ መሃል ለመሃል እስከ ጀልባዋ ሆድ ድረስ ለኩ። ከዚያ ሞተሩ ላይ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ብረት እዩ። ሞተሩ ታስሮ ሲቆም እሷ ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል፣ ወይም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላ መገኘት አለባት። የኔን ከተሸወድኩ በኋላ ስለካው የጀልባዬ ሳንቃ 48 ሴንቲ ሜትር ነው። ሞተሩ ለ38 የተሠራ ነው። ብረቷ አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላ ተንጠልጥላለች። ማዕበል በመጣ ቁጥር ፕሮፔለሩ ከውሃ ይልቅ አየር ይጠጣል። ሞተሩ የሚያለቅሰው ለዚህ ነበር። የሚገፋው ነገር አጥቶ ነው።

በጣም ሲረዝምም ጣጣ አለው። ውሃው ጥልቀት ባነሰ ቁጥር እግሩ መሬት ይነካል፤ ጀልባዋንም ሳያስፈልግ ወደ ኋላ ይጎትታል።

ሦስተኛ ጊዜ ስወጣ ፕሮፔለሩ ውሃ ውስጥ ካለ ግንድ ጋር ተጋጨ። ቀጭ አለ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ፕሮፔለሩ አይዞርም። ይሄ እንኳ ብልሽት አይባልም። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዝ ቀጭን ፒን አለች። ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጋ ነው የምትሠራው፤ ግጭት ሲመጣ እሷ ተቆርጣ ማርሹን ታድናለች። መጠባበቂያ ፒን ሁልጊዜ ጀልባ ውስጥ መኖር አለበት። ለኔ ግን ከሞተሩ ጋር አልተሰጠኝም። ደውዬ ስጠይቅ «እሱ ለብቻው አይመጣም» ተባልኩ።

ምን አደረግኩ? ምስማር በፒንሳ ቆርጬ ከተትኩ። ልክክ አለ። በብልጠቴ ኮራሁ። በሚቀጥለው ግጭት ምስማሩ ንቅንቅ አላለም። የረገፉት የማርሹ ጥርሶች ናቸው። በዚህ የምወቅሰው ራሴን ነው፤ ነገር ግን ማርሹም ለብቻው አይመጣም። ዋስትናውም «ሞተሩን እንጂ ማርሹን አያካትትም» ተባለ። እንዲህ ነው ሞተሩን ተሸክሜ መካኒኩ ጋ የሄድኩት።

ስለዚህ ሞተሩን ከማየታችሁ በፊት መለዋወጫውን አሳዩኝ በሉ። ፒኗን፣ ካንዴላውን፣ ሞተሩ በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ የውሃ ፓምፑን ጎማ። ይህች ጎማ እንደ ትንሽ አበባ ክንፎች አሏት፤ ከጊዜ ብዛት ትደርቃለች፣ ትሰባበራለችም። ዛሬ ከመደርደሪያው አውርዶ ማሳየት ያቃተው ሻጭ የዛሬ ዓመት ከየት ያመጣላችኋል?

ያገለገለ የብራንድ ሞተር ከአዲስ ስም የለሽ ይሻላል ባይ ነኝ አሁን። እዚያም ግን ነቃ በሉ። ስትደርሱ መጀመሪያ የሞተሩን ራስ በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ በቀዝቃዛው አልነሳም እንደሚለው ያውቃል ማለት ነው። ቀዝቅዞ እስኪጨርስ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ከዚያ ከታች ያለውን የማርሽ ዘይት ብሎን ትንሽ ፈታ አድርጉና ጠብታ ጣታችሁ ላይ አሳርፉ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ የዘይት ማገጃው ጎማ አልቋል። ሲነሳ ደግሞ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ሽርር ብሎ መውጣት አለበት። ካልወጣ አይቀዘቅዝም። ሞተሩን ውሃ ውስጥ ሳያስገባ «ስማው፣ እንዴት እንደሚዘፍን» እያለ በደረቁ ለሚያስነሳ ሻጭ እዚያው ጀርባችሁን ስጡት። ያን የጎማ አበባ እየፈጀላችሁ ነው።

ስቲከሩ እዚህም ይመጣል። ሲሲው እዚህ ላይ አያድናችሁም። የቶሃትሱ ባለ 8ና ባለ 9.9 ፎር ስትሮኮች ሁለቱም 209 ሲሲ ናቸው። ባለ 4፣ ባለ 5ና ባለ 6ቱም እንዲሁ አንድ 123 ሲሲ ሞተር ይጋራሉ። ሽፋን አውልቆ ሌላ መግጠም ደግሞ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሽፋኑን ትታችሁ ሞተሩ ከጀልባ ጋር የሚታሰርበት ብረት ላይ ያለውን የሞዴልና የሴሪ ቁጥር አንብቡ። ተፍቆ ካገኛችሁት የስርቆት ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ አትከራከሩ፣ ሂዱ።

ስለ ባትሪ ሞተር አንድ ነገር ብዬ ልለፍ፤ ጸጥታቸውን እወዳለሁ። ግን «55 ፓውንድ» የሚለውን ከፈረስ ጉልበት ጋር አታምታቱ። እሱ የግፊት መለኪያ ነው። በ12 ቮልት 50 አምፔር ግድም ይበላል፣ ማለትም 600 ዋት፤ ከአንድ የፈረስ ጉልበት በታች። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ካላችሁ ደግሞ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሹ በላይ ባትጠቀሙ ይመረጣል። በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት ነው ያላችሁ። መመለሻውንም ጨምሮ።

አሁን የሚያንገበግበኝ ነገር ምን መሰላችሁ? ለኔ ጀልባ 6 አያስፈልገኝም ነበር። ሦስት ሜትር የሆነች ውሃ እየከፈለች የምትሄድ ጀልባ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ግድም ስትደርስ የራሷ ማዕበል ይይዛታል። ከዚያ በላይ ጉልበት ብትጨምሩ ነዳጅ ማቃጠል ነው። ጥሩ፣ እውነተኛ 2.5 የፈረስ ጉልበት፣ እግሩ ረጅም የሆነ፣ ይበቃኝ ነበር። የጎማ ጀልባ ኖሯችሁ ውሃው ላይ ተነስታ እንድትንሸራተት ከፈለጋችሁ ሌላ ነው፤ ያኔ 6 ለአንድ ሰው፣ ለሁለት ሰው ደግሞ 8 ወይም 10 ማሰብ ነው። ያኔም ጀልባዋ ላይ የተለጠፈውን የከፍተኛ ጉልበት ገደብ አትለፉ። እሱ ቁጥር ለማሻሻጥ የተለጠፈ አይደለም።

መካኒኩ በመጨረሻ ሞተሩን ከእግሩ ነቅሎ ምላጭ ያለው ዘንግ ላይ ገጠመው። አንድ ጊዜ ሳበው፣ ተነሳ። ሳሩን ሙልጭ አድርጎ አጨደው። ለተፈጠረለት ሥራ ጎበዝ ነው።

ማስታወቂያው አሁንም አለ። ፎቶው ያው ነው፣ ኪሎውም ያው 10 ነው። ባለፈው ሳምንት ሳየው ስቲከሩ 7 ሆኗል።