ለእድራችን መዝገብ ለደረሰልን የከዚራው ቴክኒሻን ምስጋና

ድሬዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከዚራ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። የእድራችንን መዝገብ ያተረፈልን እሱ ነው። የእድሩ ገንዘብ ያዥ እንደመሆኔ በኮሚቴው ስም ፊት ለፊት አመስግኜዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ግን በአደባባይም ሊመሰገን፣ ሌላውም ሊያውቀው ይገባል ብዬ ነው የምጽፈው።

የእድራችን ጸሐፊ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ የወረቀት መዝገባችን ከነሣጥኑ ተበላሽቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የአባሉን ስም፣ የወር መዋጮውን፣ ውዝፉን፣ ለየትኛው ሐዘን ስንት ብር እንደወጣ፣ ድንኳኑና ወንበሩ በማን እጅ እንዳለ አንድ በአንድ ለቅመው ኤክሴል ላይ ያሰፈሩት እሳቸው ናቸው። ላፕቶፑ ቤታቸው ይቀመጥ ነበር። ሲያርፉ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው አካውንት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአድሚኑ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ የሚያዝበት።

እድር ያላችሁ ሰዎች ጭንቀቱ ይገባችኋል። ሰው ሲያርፍ የቀብር ማስፈጸሚያው ነገ ይታያል አይባልም፣ በዕለቱ ነው የሚወጣው። ማን ከፍሏል፣ ማን ውዝፍ አለበት የሚለው ካልታወቀ ደግሞ በለቅሶ ላይ ጭቅጭቅ ይመጣል። መጀመሪያ የወሰድንበት ቦታ ላፕቶፑን ከፍተው እንኳ በደንብ ሳያዩት «ፎርማት ካልሆነ አይከፈትም» አሉን። ፎርማት ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ለእኛ ሁለተኛ ጎርፍ ማለት ነው። ይዘን ወጣን።

ይህን ልጅ የጠቆመን የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው። ልጁ ገና ላፕቶፑን ሳይነካ የጠየቀን ነገር የማን እንደሆነ ነው። «የሚያመጣልኝ ሰው ሁሉ ባለቤቱ አይደለም፤ አትቀየሙኝ» አለና ማኅተም ያለበት የእድሩን ደብዳቤ፣ ከዚያም የሟች ባለቤት ፈቃዳቸውን በቃላቸው እንዲሰጡ ጠየቀ። ከመካከላችን አንዱ ትንሽ ተከፍቶ ነበር። እኔ ግን እዚያው ላይ ነው ልቤ ያረፈው። ሳይጠይቅ የሚከፍት ሰው ነገ የተሰረቀ ላፕቶፕም ሲመጣለት ይከፍታል ማለት ነው።

ደብዳቤውን ይዘን ስንመለስ የሟች ባለቤትም አብረውን መጡ። ልጁ ወንበር አቅርቦ፣ ስክሪኑን ወደ እኛ አዙሮ፣ የሚያደርገውን እየነገረን ሠራ። ዊንዶውስ ፓስወርዱን እንደተጻፈ እንደማያስቀምጥ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የማይነበብ ኮድ አድርጎ እንደሚይዘው አስረዳን። ስለዚህ «ፓስወርዱን አውጥቼ አነብላችኋለሁ» አላለም። መቀየር እንጂ። መቀየሪያው ደግሞ ብዙ ነው፣ አንዳንዱ ጉዳት አለው። በጉልበት ከተቀየረ በዚያ አካውንት ተመስጥረው የተቀመጡ ፋይሎችና የተያዙ ፓስወርዶች ሊጠፉ ይችላሉ። «መጀመሪያ ፋይሉን እናትርፍ፣ በሩ ይደርሳል» አለ።

ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም ከፍላሽ አስነሣ። ዊንዶውሱን ሳይነካ ሃርድ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ከፈተው። እንደ ዕድል ሆኖ ዲስኩ በቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን በሙሉ በሚመሰጥረው የዊንዶውስ መቆለፊያ፣ አልተቆለፈም። የእድሩን ፎልደር ራሴ እንዳሳየው አደረገኝ፤ ሌላውን፣ የሟችን የግል ፎቶዎችና ደብዳቤዎች፣ አልከፈተም። ፎልደሩን ገዝተን ባመጣነው ፍላሽ ላይ ገልብጦ፣ አንዱን ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ አሳየን። ስሞቹን ሳይ እንባዬ መጣ።

እዚህ ላይ ቢያቆም እንኳ ከፍለን፣ አመስግነን እንሄድ ነበር። እሱ ግን ላፕቶፑ ራሱ ሳይበላሽ፣ የተጫነበት ሁሉ እንዳለ እንዲከፈት ፈለገ። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ለሚሠራ አካውንት ሦስት የደኅንነት ጥያቄዎች ያስሞላል። ፓስወርድ ተሳስቶ ሲገባ ከሥሩ መቀየሪያ ይመጣል፣ እሱን ሲነኩት ጥያቄዎቹ ይወጣሉ። ጋሼ የመረጧቸው የተወለዱበት ከተማ፣ የመጀመሪያ ትምህርት ቤታቸውና በልጅነታቸው የሚጠሩበት ስም ነበሩ።

ልጁ ወደ ባለቤታቸው ዞሮ «እናቴ፣ ጋሼን ልጅ ሳሉ ቤት ውስጥ ማን ይሏቸው ነበር?» አላቸው። በለቅሶ የደከሙት ሴት ፈገግ ብለው ነገሩት። ትምህርት ቤቱን ሐረር ላሉት ታላቅ እህታቸው ደውለን ጠየቅን። የትውልድ ከተማቸው ሐረር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሞላው፣ እምቢ አለ። አጻጻፉን እየቀያየረ ሞከረ፣ አሁንም እምቢ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ትቶ ወደ ጉልበቱ ይሄድ ነበር። እሱ ግን «በእጃቸው በላቲን ፊደል የጻፉት ወረቀት ይኖራል?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤታቸው ያን ጊዜ ነው ያስታወሱት። የድሮ የምድር ባቡር ሰው ናቸው፤ ሥራው በፈረንሳይኛ ነበርና ፈረንሳይኛ ነው የሚቀናቸው። ሐረርን የሚጽፉት እንደ ፈረንሳዮቹ «ር»ን ደግመው ነው። ልጁ አንድ ፊደል ጨመረ፣ አዲስ ፓስወርድ አስገቡ የሚለው መጣ። ክፍሉ ውስጥ እልል ያልነው እኛ ብቻ አይደለንም፣ ተራ የሚጠብቁትም ጭምር ናቸው።

ከመካከላቸው አንድ ተማሪ ነበር። የሱ ላፕቶፕ በኢሜይል የሚገባ የማይክሮሶፍት አካውንት ነው። ልጁ ላፕቶፑን አልተቀበለውም። በተማሪው ስልክ የማይክሮሶፍትን የፓስወርድ መቀየሪያ ገጽ አስከፍቶ፣ ኮዱ ሲመጣለት አስገብቶ ራሱ እንዲቀይረው አሳየውና ሳንቲም ሳይቀበል ሸኘው። ይህን በዓይኔ ባላይ አልጽፈውም ነበር።

የማይቻለውንም በግልጽ ይናገራል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ያስፈልጋል፣ ያለ እሱ እኔም ሌላም ሰው ፋይሉን አያወጣላችሁም ብሏል። አዳዲሶቹ ዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ብዙዎቹ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩን በራሳቸው ይቆልፋሉ፤ ቁጥሩ አካውንቱ ውስጥ ይቀመጣል። አዲስ ላፕቶፕ የገዛችሁ ዛሬውኑ ገብታችሁ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገልብጡት።

ሲጨርስ ሁለተኛ የአድሚን አካውንት ለሊቀመንበራችን ከፈተ፣ ለመጀመሪያውም የፓስወርድ ማስመለሻ ፍላሽ ሠራለት። ሁለቱን ፓስወርዶች በፖስታ አሽገን፣ ማኅተም አድርገን ከእድሩ ካዝና እንድናስገባ የመከረን እሱ ነው፤ በቃለ ጉባኤ ይዘነዋል። የመዝገቡ ቅጂ ደግሞ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቤት እንዳይቀመጥ አሳስቦናል። የጠየቀን ዋጋ ፎርማት አድርጉ ያሉን ከጠየቁት አይበልጥም። ለእድር ነው ብለን ጨምረን ብንሰጠው አልቀበልም ብሎ መለሰ። በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ ያችን ታህል ክፍል ውስጥ፣ ለአንዲት ባለ ሐዘን እናት ያን ያህል ትዕግሥት ያለው ልጅ ያሳደጉ ወላጆች ይባረኩ። አቦ ይመችህ ወንድሜ!

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቆኛል፤ ብቻውን ስለሚሠራ ሰው ቢበዛበት ሥራው እንዳይበላሽ ይሰጋል። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን አመላክታችኋለሁ። ስትሄዱ የላፕቶፑን ቻርጀርና ባዶ ፍላሽ ያዙ። ደረሰኙ ካለ እሱን፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የእድር ንብረት ከሆነ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ። ያለዚያ እንደማይነካላችሁ ከወዲሁ እወቁ። እሑድ ዝግ ነው።