ስለ ጤና እያሳቁ ለማስተማር፦ ድራማ ይሻላል ወይስ አዝማሪ?

ጎንደር ላይ ስለ ጤናና ስለ ትዳር ቪዲዮ የምንሰራ ልጆች ሁሌ የሚያጨቃጭቀን ይሄ ነው፣ አጭር ድራማ እንስራ ወይስ አዝማሪ በማሲንቆ ይጫወተው።

ድራማው ያደክማል። ቤት መለመን፣ መብራት መጠበቅ፣ አክተር መሰብሰብ፣ ከዛ ኤዲቲንጉ... ግን አማትየው በጣቷ ቅቤ ይዛ አራሱን ህፃን ላውጠው እያለች ምራቷን ቤት ውስጥ ስታሳድድ ሰው በሳቅ ይሞታል፣ በዛው መሀል የጤና ኤክስቴንሽኗ ገብታ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው፣ ውሃም አይሰጥም፣ እንገሩም አይደፋም ብትል ማን ይረሳዋል? ለህፃናት ጉዳይ እኔ ድራማውን ነው የምለው። ብቻ አማትየዋን ደደብ አታድርጓት፣ የሚያዩት እናቶቻችን ናቸው።

አዝማሪ ርካሽ ነው፣ አንድ ስልክና አንድ ማይክ በቃ። ደሞ ምን ቢል አይታፈርበትም፣ ስለ ኮንዶም አክተር ሲያወራ ቤተሰብ ይሸማቀቃል፣ አዝማሪ ሲለው ግን አባወራውም ይስቃል። ችግሩ ሰምና ወርቁ ሲበዛ ወርቁ ይጠፋል፣ የፔንታ ክትባት (ህፃናትን ከአምስት በሽታ የሚከላከለው) በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት የሚለው ግጥም ውስጥ ከገባ ይምታታል፣ ቁጥር ካለ ስክሪኑ ላይ በትልቁ ጻፉት።