ሰው በሌለበት ሜዳ፦ ብቻ ወይስ ከጓደኛ ጋር?

ሰው በማይኖርበት ሰፊ ሜዳ ብቻህን ስትጓዝ ጆሮህ ይከፈታል። ነፋሱ ደረቁን ሣር ሲያንሿሽሽ፣ ጠጠሩ ከጫማህ ሥር ሲንቋቋ ትሰማለህ። ከጓደኛ ጋር ግን ወሬው ዝምታውን ይሻማዋል። እኔ ብቸኝነቱን ከልቤ እወደዋለሁ።

አደጋውም እዚያው ዝምታ ውስጥ ነው። አሜሪካዊው አሳሽ ሪቻርድ ባይርድ እ.ኤ.አ. በ1934 የአንታርክቲካን ክረምት በአንዲት ጎጆ ብቻውን ሲያሳልፍ፣ ከምድጃው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀስ በቀስ መረዘው። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። የደረሱለት የሬዲዮ መልእክቶቹ መዛባት ያሳሰባቸው ባልደረቦቹ ናቸው።

የጓደኛ ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ ማመዛዘንም አብሮ ይደክማል፤ ምላስህ እየተኮላተፈ፣ ጣትህ የጃኬትህን ቁልፍ መቆለፍ እያቃተው «ደህና ነኝ» ትላለህ። ይህን የሚያየው አጠገብህ ያለው ሰው ነው። መንገድ መሳት ላይ ግን ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ ፀሐይ በተሸፈነችበት ቀን ሁለት ሰዎችም ተያይዘው ክብ ሊዞሩ ይችላሉ፤ ኮምፓስ ለሁለቱም ያስፈልጋል።

ለአንድ ቀን ጉዞ ብቻዬን እመርጣለሁ፤ መንገዴንና የመመለሻ ሰዓቴን ለሰው ነግሬ። አዳር ካለው፣ በተለይ በብርድ ወራት፣ ያለ ጓደኛ አልነሣም።